ለመቃብር የተከለከለው ጥድ

ሀምዱ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ጥብቅ ደን ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠብቅ ሲጠይቁት "ጥርሴ ሙሉ ሳለ ጀምሬ" ይልና አፉን ከፍቶ የቀሩትን ያሳያል። ቀልደኛ ነበር ያኔ። ሚስቱን ዙበይዳን ያገኛት ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ነው። ማስነጠሱ አላቆም ብሎት ዋጋ መጠየቅ ቢያቅተው፣ "ይሄ ሰውዬ ወይ ይግዛ ወይ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሙት" ብላ ሳቀችበት። በዚያው ተጋቡ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን አገሩ ሁሉ መጥረቢያውን ስሎ ደን ሲገባ፣ ዘበኛ የተባለው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ሀምዱ ግን ቆመጡን ይዞ ቀረ። ደመወዝ የለ፣ አለቃ የለ። "መጀመሪያ እኔን ቁረጡ!" እያለ መግቢያው ላይ ተጋደመ። ሰዉ ሰደበው፣ ድንጋይም ወረወረበት። ነገሩ ሲበርድ ግን ያው ሰው አከበረው፤ ሀምዱ ካለ አለ ነው ተባለለት።

ደኑ መሃል አንድ ጥድ ነበር። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም፤ የአያቶቻችን አያቶችም ትልቅ ሆኖ ነው ያገኙት። ኢሕአዴግ ገብቶ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ክፉ የነሐሴ ዝናብ፣ ማንም ሳይነካው ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ሀምዱ ግንዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አዎ፣ ለዛፍ አለቀሰ፤ ምን ይደረግ!

ብዙ ሳይቆይ የቅሬው ሰዎች መጡ። ቅሬው የሰፈሩ ሁሉ ዕድር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሞት ሲመጣ የሚቆፍረውም፣ የሚሸከመውም፣ ሐዘንተኛውን የሚይዘውም እሱ ነው። አንድ የማይጣስ ደንብ አላቸው፤ ሐዘንተኛ አካፋ አይነካም። ባል የሚስቱን፣ አባት የልጁን መቃብር አፈር ልመልስ ብሎ አካፋ ቢያነሳ ወዲያው ከእጁ ይነጥቁታል፤ "አብሽር፣ እኛ አለን" ይሉታል። ሀምዱ ራሱ ከስንቱ እጅ ነጥቋል።

የመጡት የቅሬው ዳኛ ሸህ ዘይኑልአቢዲንና የሀምዱ አብሮ አደግ ገብረ ማርያም ነበሩ።

"ሀምዱ" አሉ ሸሁ፣ "መቃብር የምንከድነው በባህር ዛፍ ነው። ምስጥ ይበላዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ በሙታኖቻችን ላይ ይሰምጣል። ጥድን ግን ምስጥ አይደፍረውም። ይሄን ደግሞ የጣለው አላህ ነው፣ እኛ መጥረቢያ አላነሳንም። ፈልጠን ለቅሬው እናስቀምጠው። ነገ ላንተም ነው።"

ሀምዱ መሬት መሬት አየ። ደሴ ያለው የደን መሥሪያ ቤት አለቃው በስብሰባ የነገረውን ከልቡ አምኖታል፤ ጥብቅ ደን ውስጥ የወደቀ ዛፍ እንደወደቀ ይቀራል፣ በስብሶ ለችግኝ አፈር ይሆናል።

"ሸሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልችልም። ዛሬ ለእናንተ ብፈቅድ ነገ ሌላው የቆመውን ጥሎ 'ወድቆ አገኘሁት' ይለኛል።"

"ለኛ ካልሆነ ለሌላም አይሆንማ?" አለ ገብረ ማርያም።

"ለማንም! ወላሂ፣ ከዚህ ዛፍ ስንጥር አይወጣም! ከወጣ እኔን ከሰው አትቁጠሩኝ!"

አይ ሀምዱ! ሰው በእጁ ባለ ነገር ይማላል፤ በመሥሪያ ቤት ነገር ይማላል እንዴ? ሸሁ ግን መሐላውን ተቀብለው፣ "እንግዲህ እንዳልክ" ብለው ወረዱ። ዙበይዳ ማታ ስትሰማ ራሷን ያዘች። "አንተ ሰውዬ፣ እምቢ ማለቱስ ይሁን፤ መማሉን ምን አመጣው?" አለችው።

በጋው ሲገባ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ የጭነት መኪና መጣ። የሞተር መጋዝ የያዙ ሰዎች ወረዱ፤ ጥዱ ለአዲስ የስብሰባ አዳራሽ ወንበርና ጠረጴዛ ሊሆን ነው ተባለ። ያኔ እንዳደረገው አይጋደምም? ያኔ የተጋደመው ሌባ ፊት ነው፤ የገዛ አለቃው በላከው ሰው ፊት እንዴት ይጋደማል! "እስክመለስ አትንኩት" ብሎ ለምኖ ሚኒባስ ላይ ተንጠላጥሎ ደሴ ወጣ።

"ጋሼ ሀምዱ፣ ከላይ የመጣ ነው" አለው አለቃው። "መበስበሱ ብክነት ነው ተብሏል።"

"አፈር ይሁን ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?"

"ያ ያኔ ነው።"

"እኔ እኮ ምያለሁ፣ ልጄ።"

"ማን ይማሉ አለዎት?" አለ አለቃው። ክፋት አልነበረውም፤ ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀው።

ሀምዱ ሲመለስ መኪናው ጥዱን ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ መንገድ ላይ ተላለፉ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ሀምዱ ደሴ የሄደው ድርሻውን ሊቀበል ነው ተብሏል።

ቅሬው ተሰበሰበ። "ወላሂ አልበላሁም" አለ ሀምዱ። ሌላ ወላሂ! ሁለተኛውን ማን ይመነው?

"ባትበላም ምለሃል" አሉ ሸሁ። "ከሰው አትቁጠሩኝ ያልከው አንተ ነህ።"

"ዙበይዳስ?"

"እሷ አልማለችም። እሷ የኛ ናት።"

ከዚያ ወዲያ ሰላምታው መልስ አጣ። ለቅሶ ሲጠራ ዙበይዳ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች፤ እሱ በረንዳ ላይ ቀርቶ የሚያልፈውን ሰው ያያል። ደኑን መጠበቁን አልተወም፤ ጥዱ በነበረበት ጉድጓድ በኩል ግን ማለፍ ተወ። ቀልዱም ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ ዙበይዳ ታመመች። "እኔን ይቀብሩኛል" አለችው አልጋዋ ላይ ሆና። "የኔ ጭንቅ አንተን ማን እንደሚያጽናናህ ነው።"

"እዚያ ሲያዩኝ ይራሩልኛል። አካፋውን ከእጄ ይቀበሉኛል፣ ታያለሽ" አላት። ይሄን ብቻ ተስፋ አድርጎ ነበር። እሷ ግን አላየችም፤ በማግስቱ ሞተች።

ቅሬው በሙሉ መጣ። ሴቶቹ አለቀሱላት፣ አጠቧት፣ ከፈኗት። ወንዶቹ ቆፈሩ፤ በፈረቃ ተሸከሟት፤ ተሰገደባት። ምንም አልጎደለባትም። መቃብሩን ቀጫጭን ባህር ዛፍ ረበረቡበት። ሀምዱ እንጨቱን እያየ በዚችም ላይ አፈሩ ይሰምጥባታል ብሎ አሰበ።

ቀና ሲል ሁሉም ከጉድጓዱ ራቅ ብለው ቆመዋል። አካፋዋ አፈሩ ላይ ተሰክታ ቀርታለች። ሄዶ አነሳት። አንዴ ዛቀና ጨመረ። ቆም አለ፤ እጁን ላላ አድርጎ ጠበቀ። ደግሞ ዛቀ፣ ደግሞ ጠበቀ። ገብረ ማርያም አላስችል ብሎት አንድ እርምጃ ተራመደ። ሸህ ዘይኑልአቢዲን እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ክንዱን ያዙት፤ ቆመ።

ሀምዱ የሚስቱን መቃብር ብቻውን ሞላ።