ለሁለት ሳምንት መንገድ የተፈጨ በርበሬ

ጉርድ ሾላ ከቢሮዬ ጀርባ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያስነጥሳል፤ የሥራ ጓደኞቼ መስኮቱን ይዘጋሉ። እኔ ግን ሥራዬን ትቼ እነሳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የበርበሬ ሽታ ያስፈራኛል ብል ማን ያምነኛል? አንተም አትሳቅ፣ ልንገርህ።

አባቴ የቆዳ ነጋዴ ነበር። አስመራ በለው፣ ጅቡቲ በለው፣ ኤደንና ጣሊያን፣ ያልረገጠው የለም። ቆዳ አሽትቶ በጉ የደጋ ይሁን የቆላ ይነግርሃል። ደርግ ድርጅቱን ሲወርስበት፣ ቋንቋ ስለሚያውቅ እዚያው በገዛ ቢሮው ተቀጣሪ አደረጉት። እሱን ነገሩ ያስቀው ነበር። እናቴን አላሳቃትም፤ አብረውት ይነግዱ ከነበሩት ሁለቱ ተወስደው የት እንደገቡ አልታወቀም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ እያለ ለሁለት ሳምንት ጣሊያን ሄዶ ቆዳ እንዲሸጥ ታዘዘ። በዚያ ዘመን ከአገር ለመውጣት ዋስ ያስፈልግ ነበር፤ መንገደኛው ከቀረ የሚታሰረው ዋሱ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ፈረመለት። አጎቴ የመንግሥት ሠራተኛና የአምስት ልጆች አባት ነበር።

እናቴ በዚያው ሰሞን አንድ ሻንጣ የሚሞላ በርበሬ አዘጋጀች።

“ለሁለት ሳምንት ይሄ ሁሉ?” አልኳት።

“በሰው አገር ምን ይበላል?” አለች፣ ዓይኔን ሳታየኝ። ያኔ ገባኝ። እንዲቀር ፈልጋለች።

ከየካ ቤታችን ሾላ ወፍጮ ቤት ድረስ ተሸክሜው ወረድኩ። ባለወፍጮው ከረጢቱን አየና “አንቺ ልጅ፣ ምን ድግስ አላችሁ?” አለኝ። ወረፋ ከያዙት አንዷ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ እሷም ዘወር ብላ አየችኝ።

“ተዝካር” አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። “የአያቴ፣ የሰባት ዓመቷ።”

አያቴ ከሞተች ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

በማግስቱ፣ ከሊቀመንበሯ የሰሙ የእድር ሴቶች ቢላቸውንና መክተፊያቸውን ይዘው ግቢያችንን ሞሉት። “ሳትነግሪን? ባዕድ ነን እንዴ?” ይሏታል። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ገላመጠችኝና “ልልክባችሁ ስል መጣችሁ” አለቻቸው። ምን ታድርግ? ተዝካሩ ተደገሰ፣ የመንገዱ በርበሬ ወጥ ሆነ። አጎቴ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ በላ። ልጆቹ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። አባቴ እነሱን ሲያይ ጉርሻው እጁ ላይ ቆየ።

አነስተኛ ቦርሳ ብቻ ይዞ ሄደ። በሩ ላይ እናቴ አቅፋው በጆሮው ስታንሾካሹክ ሰማሁ። “በእናትህ፣ እዚያው ቅር። ወንድሜን ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል።”

ከዚያ በየማለዳው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መውጣት ሆነ። ዳገቱ ላይ ጤዛ ያራሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ እንጨት ለቃሚዎች ሲነጋገሩ ከሩቅ ይሰማል። ጎን ለጎን ተንበርክከን እናቴ እንዳይመለስ፣ እኔ እንዲመለስ ለመንን። ለአጎቴ አዝኜ ነው እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። አባቴን ፈልጌ ነው። አጎቴ ደግሞ ማታ ማታ እየመጣ፣ ቀን መቁጠሩ እንዳይታወቅበት፣ ስለ ዝናብና ስለ አጥር ያወራል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃችን ታክሲ ቆመ። አባቴ ሲወርድ፣ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እኛ ቤት የዋለው አጎቴ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቴ “ምን ልትሠራ መጣህ?” ብላ ደረቱን በጡጫ መታችው፤ ከዚያ ልብሱን ይዛ አለቀሰች። እኔ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአራተኛው ወር ወሰዱት። ሁለት ዓመት ታሰረ። ምግብ ያመላለስኩለት እኔ ነበርኩ፤ ሳህኑን በያዝኩ ቁጥር ያ የወፍጮ ቤት ውሸቴ ትዝ ይለኝ ነበር።

ተፈታ። ደርግ ሲወድቅ ንግዱን እንደ አዲስ ጀመረ፤ ዱባይና ቻይና ተመላለሰ፣ የልጅ ልጅ ዳረ፣ ወደ ዘጠና ተጠጋ። እናቴ ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ተናዘዝኩለት።

“አባዬ፣ ያን ጊዜ ባልዋሽ ኖሮ ትቀር ነበር?”

የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። “ለእናትሽ ስለ ወንድሟ ብዬ ተመለስኩ አልኳት። አንቺን አልዋሽሽም። ልቀር ቆርጬ ነበር፣ ቤትም አይቼ ነበር። አንድ ማታ ራት ቀረበልኝ። ስዞር ብቻዬን መብላት ለምጄዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ልመለስ ነበር። ያን ማታ አልወርድ አለኝ።”

ከዚያ ወዲያ ምሳውን ብቻውን አስበልቼው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቢሮ እየሮጥኩ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ያዘኝና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ወንበሩ ላይ ያንቀላፋ መስሎኝ ቀስ ብዬ ገባሁ።

“ይብሉ ብላቸው እምቢ አሉኝ” አለች ሠራተኛዋ። “ትመጣለች ነው የሚሉት።”

እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል። ምግቡ እንደተከደነ ነበር። ውሃው በሁለት ብርጭቆ ተቀድቷል።