ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰንበሌጥ

ባለፈው ሰኔ ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ በመስኮቱ ወደ ኮረብታው እያሳየ፣ «እማማ፣ ያ ሰሌዳ የምንድን ነው?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። «የቅርስ ነው» አልኩት። «ታዲያ ቅርሱ የታለ?» ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ። ወላሂ፣ እንባዬ መጣ። ሰው በሞላበት ሚኒባስ ውስጥ የምታለቅስ አሮጊት ሆኜ ቁጭ!

እዚያ ኮረብታ ላይ እኛ «የሼሁ ቤት» የምንለው አሮጌ የሣር መስጊድ ነበር። ማን እንደሠራው እንኳን እኔ አባቴም አያውቅም። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ መሃሉ ላይ ትልቅ የወይራ ምሰሶ ቆሟል፤ የገባ ሰው ሁሉ ስለሚዳብሰው ምሰሶው ለስልሶ ነበር። ውስጡ በቀትርም ቢሆን ይቀዘቅዛል። ዛሬም ደረቅ ሣር በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

አባቴ የአገሩን ቤት ሁሉ በሣር የሚከድን ሰው ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አገሩ በደቦ ወጥቶ የሼሁን ቤት ክዳን ያድሳል። ወንዶቹ ከጨፋ ሜዳ ሰንበሌጥ አጭደው፣ ክንዳቸው ተቧጭሮ ይመጣሉ። እኛ ሴቶች ከጭድ ጋር ጭቃ እያቦካን ግድግዳውን እንመርጋለን። ምሳችን የማሽላ ንፍሮና እርጎ ነው፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ምግብ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። አባቴ ከጣሪያው ላይ ሆኖ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ መንዙማውን ያወርደዋል፤ በመሃል ደግሞ፣ «ዘሀራ! ጭቃውን እርገጪው እንጂ አትጨፍሪበት!» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።

ከየቤቱ አንድ አንድ እስር ሰንበሌጥ ይወጣል። ልጅ የተወለደለት ቤት ግን በልጁ ስም ትንሽ እስር ይጨምራል። ያቺ እስር ጣሪያው ላይ ካልገባች ልጁ የአገሩ ልጅ ሆነ አይባልም። አባቴ ወደ ጣሪያው እየጠቆመ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ያቺ ያንቺ ናት» ይለኝ ነበር፤ ልጄ ማለቱ ነው። ውሸቱን እኮ ነው! የእኔ እስር ከበሰበሰች ስንት ዘመኗ። ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ኮረዳ በሆንኩበት ዓመት ከከተማ የቅርስ ሰዎች መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ምሰሶውን ዳበሱ፣ ፎቶ አነሱ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቤቱ በሽቦ ታጠረ፣ ሰሌዳ ቆመ። አባቴ የሚሆነውን አጣ! «መንግሥት ቤታችንን አወቀልን» ብሎ ፍየል አረደ። የሰዎቹ አለቃ ጉርሻውን ተቀብሎ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ አንድ ሣር እንኳ እንዳትነኩ። የሚጠግነው ባለሙያ ነው፤ እንልካለን» አለ። አባቴም በአገሩ ፊት ቃሉን ሰጠ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉበት። በእኛ አገር ዱአ የተደረገበት ቃል አይፈርስም። እንግዶቹም እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ፤ ለእነሱ የምሳ ምርቃት ነበር መሰለኝ።

ግንቦት ሲገባ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ሰንበሌጡን አጭደው አመጡ። ባለሙያው ሲመጣ ይሠራበታል ብለው ከአጥሩ ውጭ ከመሩት። ባለሙያው አልመጣም። አባቴ ከሚሴ ወርዶ ቢሯቸው ጠየቀ፤ «ይመጣል፣ ጠብቁ» አሉት። ሌላ ጊዜ እኔም አብሬው ሄድኩ።

«ልጄ፣ ደመናው እኮ ከበደ» አለ አባቴ ከጠረጴዛው ኋላ ለተቀመጠው ሰው፣ ቆቡን በእጁ ይዞ።

«አባባ አብሽሩ፣ ደብዳቤው ወጥቷል» አለው ሰውየው። ሻይም አዘዘልን።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ወረደ። ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ፤ ክምሩ ሰንበሌጥ ከአጥሩ ውጭ እየበሰበሰ፣ ቤቱ ከአጥሩ ውስጥ እየበሰበሰ። እኔ አላስችል አለኝ። «አባ፣ ሽቦ እኮ ነው! ገብተን እንክደነው! ማን ይከለክለናል?» ብዬ ጮህኩበት።

«ማንም አይከለክለንም» አለ። «ዱአ ያደረግንበትን ቃል አፍርሼ የአላህን ቤት ልክደን? እንዴት አድርጌ ልውጣበት ኢንተላ ኮ? በየትኛው አፌ ቢስሚላህ ልበል?» አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ የሆነ ድምፅ ሰማን። እየሮጥን ወደ ኮረብታው ወጣን። ጣሪያው ምሰሶውን ይዞት ወርዶ፣ ግድግዳውም በአንድ በኩል ተደርምሷል። ሴቶች ሰው የሞተ ይመስል ደረታቸውን ደቁ። አባቴ ግን ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ያኔም ቢሆን አልገባም። ከዚያ በኋላ የማንንም ቤት አልከደነም፤ ሰው ሲለምነው «እጄ ደከመ» ይላል።

ባለሙያው በበጋ መጣ። ፍርስራሹን ለካና ሄደ።

እኔ አግብቼ አራት ልጆች ወለድኩ። አንዳቸውም በስማቸው እስር የላቸውም። ለእነሱ ብነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ድንጋዩም ቀስ በቀስ ተነቅሎ አለቀ፤ የቀረው ሰሌዳው ነው። ቀለሙን መቀባት አይረሱም፤ በእሱስ ይመስገኑ!

አባቴ መጨረሻ ላይ አእምሮውን ሳተ። ልጆቼን እንኳ አይለያቸውም ነበር። ዝናብ ሲጥል ግን ከተኛበት ቀና ይልና፣ «ዘሀራ፣ የሼሁ ቤት ተከደነ?» ይለኛል።

«ተከደነ፣ አባ።»

«የልጆችሽስ እስር?»

«ገብቷል፣ አባ። ሁሉም ገብቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

ሚኒባሱ ጨፋ ሮቢት ሳይደርስ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ። ጎረምሳው አሁንም መልሴን ይጠብቃል። «ቤት ነበረ» አልኩት። «አባቴ ነበር የሚከድነው።»