ጠንካራው ምት

ኤልዳድ መምህርም ነው፣ ድራም መቺም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነፋስ ስልክ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ እሑድ ለቡ ባለችው የቤተ ክርስቲያናቸው የቆርቆሮ አዳራሽ ድራም እየመታ ያገለግላል። ሁለቱን ሥራ ያጋባቸው ራሱ ነው። «የእኛ አፍ ሁሉንም ፊደል እኩል ይረግጣል፤ እንግሊዝኛ ግን ያዳላል» እያለ ተማሪዎቹን ዴስክ ያስመታቸዋል። ፎቶግራፍ ሲሉ ጠንካራው ምት «ፎ» ላይ ያርፋል፤ ፎቶግራፈር ሲሉ ወደ «ቶ» ይሸሻል። ዴስኩን ሊሰብሩት ምንም አይቀራቸው፤ የያዙትን ግን አይረሱም።

አሥራ ሁለት ዓመት ስፒከር ሥር ተቀምጦ ጆሮው ደከመ። ሐኪም መስሚያ መሣሪያ ሰጠው። ገና ሳይለምደው አንድ እሑድ መጋቢው እጁን ጭኖ ጸለየለት፤ ኤልዳድ ከደስታው ብዛት የዳነ መሰለውና መሣሪያውን እዚያው መድረክ ላይ አውልቆ «ተፈውሻለሁ!» ሲል መሰከረ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ያንን እልልታ በደንብ ሰምቶታል። በሳምንቱ የሚስቱን ድምፅ አጣው፤ የሞኝ ነገር፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ኤልዱ፣ እባክህ አድርገው» አለችው ቤተልሄም፣ ፊት ለፊቱ ቆማ ከንፈሯን እያሳየችው።

«መስክሬያለሁ እኮ ቤቲ። አሁን ባደርገው እግዚአብሔርን ነው የማሰድበው።»

«እሱ ስድቡን ይችለዋል። የማትችለው አንተ ነህ።»

አልሰማም አለ። ክፍል ውስጥ መዳፉን ዴስክ ላይ አሳርፎ የልጆቹን ምት ከእንጨቱ ይለቅማል፤ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የቤዝ ጊታሩን ንዝረት ከወለሉ በእግሩ ይከተላል። እንዲህ አድርጎ አንድ ዓመት ተሸሸገ። በየቀኑ ይፈራ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤዝ የሚጫወተው ኮርሳ አልመጣም። ኤልዳድ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ መታ፤ አንድ ጠንካራ፣ ሦስት ለስላሳ። ዘማሪዎቹ ጨርሰው ተቀመጡ፤ እሱ ይመታል። መጋቢው ማይክ ጨብጦ ጠበቀ፤ እሱ ይመታል። ሕዝቡ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ኋላ አንዲት እናት «መንፈስ ነው! ሃሌሉያ!» ብለው ሲነሡ አዳራሹ በሙሉ አብሮ ተነሣ።

ኤልዳድ ዓይኑን ገለጠ። መድረኩ ላይ አንድም ዘማሪ የለም፤ እጆች ወደ ላይ ተዘርግተዋል፣ አፎች ተከፍተዋል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ቢያቆም ይጋለጣል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቤተልሄም ብቻ አልተነሣችም። በየእሑዱ በቦርሳዋ ይዛ የምትመጣትን ትንሽ ሣጥን ከፍታ፣ የመስሚያ መሣሪያውን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

አየው። ዓይኑን መልሶ ጨፈነና ከበፊቱ አጠንክሮ መታ።