ከዝርዝሩ ያነሳሁት ስም

የንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአቴን ያውቃሉ። ምቀኝነቴን፣ ጾም መሻሬን፣ እህቴን ስንት ዓመት እንዳኮረፍኳት ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ እየዘለልኩት መጥቻለሁ። ለባሌም አልነገርኩም። አሁን እንኳ ልጽፈው ከተቀመጥኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ጋዙን ዘግቼ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ምንም አልጣድኩም ነበር።

ሥራዬ ቃል መምረጥ ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ የሚጽፋቸውን ቃላት፣ ኪይወርድ የሚባሉትን፣ አጠናና የደንበኛዬ ድረ ገጽ ውስጥ አስገባቸዋለሁ፤ ያኔ ፈላጊው ሲጽፍ የደንበኛዬ ገጽ ከላይ ይመጣለታል። ዋናው ነገር ሻጩ የሚለውን ትቶ ፈላጊው የሚለውን መጻፍ ነው። "የአየር ጉዞ አገልግሎት" ብሎ የሚፈልግ የለም፤ ሰው የሚጽፈው "ርካሽ ትኬት አዲስ አበባ" ብሎ ነው። እኔ ይህን በደንብ አውቅበት ነበር። እንዴት እንደምኮራበት ብታዩ!

እዚህ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ኬንቲሽ ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የጉዞና የካርጎ ቢሮ ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። ባለቤቱ በሳምንት ጥቂት ቀን እዚያው ተቀምጬ ድረ ገጹን እንድሠራለት ቀጠረኝ። ሰው አይመጣም እያለ ይነጫነጭ ነበር። እኔም በሥራችን የተለመደውን አደረግሁ፤ ገጹ ላይ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ጎብኚዎች የጻፉትን ሁሉ ከፍቼ አነበብኩ። ትኬት፣ ሻንጣ፣ ኪሎው ስንት ነው። በመሃል በመሃል ደግሞ የሰው ስም። ስም ከነአባት፣ አንዳንዱ ከነአያት፤ ከስሙ ቀጥሎ "ሊቢያ"፣ "ጀልባ"፣ "በሕይወት"። ልጆቻቸው መንገድ ላይ የጠፉባቸው ሰዎች ናቸው። የሚጻፍበት ሳጥን ካዩ የካርጎ ቢሮ ይሁን ምግብ ቤት ግድ የላቸውም፤ ስሙን ይጽፉታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን አይቶ ኮምፒውተሩን ይዘጋ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ስሞቹን ገለበጥኳቸው። አዲስ ገጽ ከፍቼ ደረደርኳቸው፤ ሰው ያንን ስም ሲፈልግ እኛ ዘንድ እንዲመጣ፣ ሲመጣም የትኬቱን ማስታወቂያ እንዲያይ። መጀመሪያ "የጠፉ ሰዎች" የሚል ርእስ ሰጠሁት። ብዙም ሰው አልመጣም። ለምን እንደሆነ ቶሎ ገባኝ፤ ልጁን የሚፈልግ አባት "ጠፋ" ብሎ አይጽፍም፤ መጥፋቱንማ ያውቀዋል። "ተገኘ" ብሎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ርእሱን "የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር" ብዬ ለወጥኩት። እኔ ነኝ የለወጥኩት፣ በገዛ እጄ፣ እያወቅሁ። ጎብኚው ጎረፈ። ባለቤቱ እንዴት እንደመጣ ሳይጠይቅ ኬክ ገዛልኝ፤ በላሁ።

ከዚያ ጋሽ ወልዱ መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ እዚሁ ከተማ ኤድመንተን ሰፈር የሚኖሩ። ማክሰኞ ነበር። ገጹን ላይብረሪ ሄደው ፕሪንት አድርገው፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ጣታቸውን አንዱ ስም ላይ አደረጉና፣

"ልጄ፣ ይኼ የኔ ልጅ ነው። ናሆም ወልዱ። የት ነው ያገኛችሁት?" አሉኝ።

ስሙን አወቅኩት። ሳጥኑ ውስጥ የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የጠየቁትን ጥያቄ መልስ አስመስዬ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ባለቤቱ ወጥቷል፤ ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። "ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይህ ውሸት ነው" ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ። "ቼክ አደርግልዎታለሁ፣ በሳምንቱ ይመለሱ" አልኳቸው። እጄን ይዘው ሳሙት። የአባቴ እኩያ እጄን ሲስሙኝ ቆሜ አየሁ።

እንደወጡ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ገጹን አጠፋሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። የናሆምን ስም ብቻ አነሳሁ። ሌሎቹን ተውኳቸው፤ ጎብኚ ያመጡ ነበራ! በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ወደ ስትሪትሃም ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ሳምንቱን መጠበቅ አልቻሉም። ገጹን በየቀኑ ያዩት ኖሯል።

"ስሙን አነሳችሁት። ሌሎቹ አሉ፣ የሱ ብቻ ነው የሌለው" አሉ። ቀጥለውም፣ "አርፏል ማለት ነው?"

ዝም አልኩ። አገራችን መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ግድግዳውን ተደገፉ። አለቀሱ ልል አልችልም፤ አንገታቸውን ነው ደጋግመው የነቀነቁት። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ቀኑን ታውቂዋለሽ? ለተዝካሩ ቀን ያስፈልገኛል።"

እኔም መለስኩ። እግዚአብሔር ይየኝ፣ መለስኩላቸው። "ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ" አልኳቸው።

ኤድመንተን ቤታቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ጋሽ ወልዱ ለሰዉ ሁሉ "ልጄን ስታፈላልግልኝ የነበረች ናት" እያሉ አስተዋወቁኝ፤ አንዲት እናት ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። አብሬ አለቀስኩ። ምን አስለቀሰኝ? ለማን ነበር የማለቅሰው? የቀሩትን ስሞች በማግስቱ ሁሉንም አጠፋኋቸው፤ ያኔም የሌሎቹ እናትና አባት ስማቸው ሲጠፋ ምን ብለው እንደተረጎሙት ለማሰብ አልቆምኩም። ዛሬ ነው የማስበው፣ ያውም ሳልፈልግ፤ ዕቃ ሳጥብ፣ ባቡር ስጠብቅ፣ ሌላ ደንበኛ ስለ ኪይወርድ ሲያማክረኝ።

ናሆም ሞቷል አልልም፤ በሕይወት አለም አልልም። አላውቅም። እኔ ማንንም አላገኘሁም፣ ማንንም አልፈለግሁም። የማውቀው አባቱ በየቀኑ ይፈልጉት እንደነበር ነው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልፈለጉትም። የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ድርጅት ዘንድ ያስከፈቱትን ፋይል፣ ለቅሶው ላይ እንደነገሩኝ፣ ራሳቸው ደውለው "ልጄ አርፏል" ብለው አዘግተውታል። ልጁ አንድ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ "አባቴ አይተወኝም" እያለ ቢሆንስ? አባቱ አልተዉትም ነበር። ያስተውኳቸው እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጅ አልነበርኩም። ቸግሮኝ ነው፣ ባለቤቱ አዝዞኝ ነው አልልም፤ ማንም አላዘዘኝም። ሦስት ቅዳሜ ልነግራቸው ኤድመንተን ሄጃለሁ። ሁለቱን ጊዜ ደወሉን ሳልጫን ተመለስኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከገበያ ሲመለሱ በራቸው ላይ ቆሜ አገኙኝ። አርጅተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"እግዜር ነው ያመጣሽ" አሉኝ። "የናሆምን የሰባት ዓመት ተዝካር ላወጣ ነው። ትመጫለሽ አይደል?"

"እመጣለሁ" አልኳቸው።