በሃምሳው የጾምኩት ጾም

ትናንት ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የቆመችው ሴት የማዳበሪያዋን አፍ ፈታች። ሽታው ወጣ። የጉድጓድ ማሽላ ነው። የራያ ቆላ ሰው ካልሆንክ አታውቀውም፤ እህሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ወራት ሲከርም የሚያመጣው፣ እርጥብ አፈር አፈር፣ ጠላ ጠላ የሚል ሽታ ነው። ከተሜዎቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ተጠግቼ ሳብኩት። ሴትዮዋ አይታኝ ኖሮ፣ "ጉድጓድ ጉድጓድ አለሽ አይደል የኔ እህት? ይቅርታ" አለችኝ። "ኧረ ይበለኝ፣ በዚህ ነው ያደግኩት" አልኳት። ደስ ብሏት ተራዋን ልትሰጠኝ ምንም አልቀራት።

አንተ ስለ ተማሪነቴ ደጋግመህ ጠይቀኸኛል፤ እኔም ደጋግሜ አልፌሃለሁ። ዛሬ ልንገርህ።

ሦስት ነበርን። እኔ ከዞብል ተራራ ሥር፣ አንዷ ከሮቢት ወጣ ካለ መንደር፣ ሌላዋ ከዋጃ ወዲያ ካለ ገጠር። ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። በመንደራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ቆቦ ላይ አንዲት የጭቃ ክፍል በጋራ ተከራየን። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ በግንቦት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ከእኛ ቤት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ዱቄቱ ጀርባዬ ላይ ከላብ ጋር ተለውሶ፣ ቆቦ ስገባ ሊጥ የመሰልኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ከበሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ቆሟል። የሦስታችንም ዱቄት የሚገባው እዚያ ነው። ሕጉን ያወጣችው የሮቢቷ ናት፤ አንዷ ስንቋን ስትገለብጥ ሁለቱ ወደ ግቢ ወጥተው ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ማን ስንት እንዳመጣ አይታይም፣ አይጠየቅም። "ከተቀላቀለ በኋላ የማን ነው አይባልም" አለች፤ በዚያው ጸደቀ። የዋጃዋ አንዳንዴ አጮልቃ ታያለች ብዬ እጠረጥር ነበር፤ እሷ እስከ ዛሬ ወላሂ አላየሁም ትላለች። እኔ በዚያች ሕግ እኮራለሁ። ሦስት የገጠር ልጃገረዶች፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ የሰው ፊት እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቁ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በደረስንበት ዓመት ጎርፉ ቀረ። እኛ አገር የሚጠበቀው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፈን ነው ማሳውን የምናጠጣው። ያን ክረምት ጎርፉ ሁለት ቀን ጮኾ ወረደና ጠፋ። ማሽላው ዘለላ ሊያወጣ ሲል ቆሞ ደረቀ። ከቀደመው ዓመት የተረፈው እህል እንደምንም እስከ ፋሲካ አደረሰን። አንድ ቅዳሜ አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። የጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ስጠብቅ፣ በጣሳ መሬቱን ሲፍቅ ይሰማኝ ነበር። ይዞት የወጣው ግማሹ አፈር ነው። እናቴ አበጥራ አስፈጭታ አስያዘችኝና፣ "የሚቀጥለውን እግዜር ያውቃል" አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለት እፍኝ ቆሎ ብቻ ቋጠረችልኝ። ቆቦ ደርሼ ተራዬ ሲሆን ልጆቹ ወጡ፣ ፊታቸውን አዞሩ። ባዶውን ከረጢት ማዳበሪያው አፍ ላይ ገለበጥኩና የሚያራግፍ ሰው መስዬ በመዳፌ ቧ ቧ አደረግኩት። ብናኝ እንኳ አልወጣውም። "ጨርሻለሁ፣ ግቡ" አልኩ።

ኩራቷ ራቷ የምትባል ሴት ካለች እኔ ነኝ። ያላስገባሁትን አልበላም ብዬ ቆረጥኩ። ሰኞ ጠዋት ቂጣው ሲነሳ፣ "ለፈተናው ተስያለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ" አልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፣ ቆሎዬን ፍሬ በፍሬ እቆረጥማለሁ። ሲመሽ እንዳይጠረጥሩ አንድ ቁራሽ እጎርሳለሁ። ሙስሊሞች ናቸው፣ የእኛን ጾም ከየት ያውቁታል ብዬ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይዋኝብኝ ጀመር። ሐሙስ ዕለት ቦኖ ላይ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለሁ መቆም አቃተኝና ጀሪካኔ ላይ ቁጭ አልኩ። የሮቢቷ ጀሪካኑን ተሸከመች፣ በሌላ እጇ እኔን ይዛ ቤት አስገባችኝ።

"ለመሆኑ" አለችኝ፣ "ፋሲካ ከዋለ ሃምሳ ቀን ሞላው?"

የጀሪካኑን ክዳን ማጥበቅ ያዝኩ።

"ጎረቤቶቻችን ክርስቲያን ናቸው። በሃምሳው እንኳን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆዩ፣ ረቡዕና ዓርብንም አይጾሙም። ቄሳችሁ ይህን ቢሰማ ምን ይልሽ ይሆን?"

የዋጃዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

"ደግሞስ የጉድጓድ እህል የምታመጪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ቂጣችን ጉድጓድ ጉድጓድ ማለት ካቆመ ስንት ቀኑ? ፊታችንን ነው ያዞርነው እንጂ አፍንጫችንን አልደፈንነውም።"

አለቀስኩ። ከረሃቡ ይልቅ መታወቁ አቃጠለኝ። የሰው እህል አልበላም፣ ነገ ዓርብ ነው፣ ጠቅልዬ እሄዳለሁ አልኩ። የሮቢቷ ቁጣዋ መጣ።

"ማን ለገሰሽ? ፈተናው ወር አልቀረውም፤ እኔ ከሒሳቡ አንድ የሚገባኝ ነገር የለም። አንቺ ስትሄጂ የምወድቀው እኔ ነኝ። ዱቄቱ ከእኛ፣ ሒሳቡ ከአንቺ። እሱም ስንቅ ነው።"

"ፊዚክሱንም ከጨመርሽ ሽሮ አመጣለሁ" አለች የዋጃዋ።

ያን ዕለት ቂጣውን በበርበሬ በላሁ። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ሰሌዳዬ ሆነ፤ በከሰል እጽፋለሁ፣ በአመድ ውሃ አጠፋለሁ፣ ሲሳሳቱ እጮኻለሁ። ዛሬ ተማሪዎቼ የሚያሾፉበት ጩኸቴ እዚያች ክፍል ውስጥ የወጣ ነው።

በሳምንቱ፣ ከትምህርት ተመልሰን ምሳ ልንቀርብ ስንል፣ "ቤቶች" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ነው። በር ላይ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ጋቢው ሰፍቶታል። ትከሻው ላይ መጫኛ አንጠልጥሏል። አባቴ ገበያ ሲወጣ መጫኛ የሚይዘው የሚሸከመው ነገር ካለ ብቻ ነው፤ እኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚታሰር ዕቃ ቢኖር ፍራሼ ነው። ሊወስደኝ እንደመጣ ያኔውኑ ገባኝ።

ልጆቹም ሳይገባቸው አልቀረም። የዋጃዋ በፍጥነት ውሃ አስታጠበችው። የሮቢቷ ሙሉውን ቂጣ ፊቱ አቀረበችለት።

"በልቼ ነው የመጣሁት" አለ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"አባባ፣ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም" አለችው እየሳቀች። "ደግሞ ልጅዎ ያመጣችው ዱቄት ነው። የገዛ እህልዎን እምቢ ይላሉ?"

አባቴ ከጫፉ ቆረሰና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ጉድጓድ እህል የበላ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ጉድጓዱን በእጁ የጠረገው እሱ። የእሱ እህል እንዳልሆነ አወቀ። ልጅቱን አያት፣ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ከጣሪያ እስከ ወለል በከሰል የተሞላ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሒሳብ ነው አባባ። ልጅዎ ናት የምታስተምረን። እሷ ባትኖር አልቆልን ነበር።"

ረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየ። ፊደል አይቆጥርም፤ ቢሆንም መስመር በመስመር ተከተለው። ከዚያ አማተበና "ኑ፣ አብረን እንብላ" አለ። እነሱ "ቢስሚላህ" ብለው ቀረቡ። እንዳያንቀው የምፈራለት ይመስል፣ ሲጎርስ በዓይኔ እከተለው ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ፍርፋሪውን ሳይቀር እየለቀመ በላ። ሲጨርስ እጁን ዘርግቶ መረቀ። "ገበታችሁ አይጉደል። እንጀራ ይውጣላችሁ። ያሰባችሁትን ያድርስላችሁ።" ሁለቱ "አሚን" አሉ፤ እኔም አሜን ብዬ ገበታውን አነሳሁ።

መጫኛውን መልሶ ትከሻው ላይ ጣለ። እስከ ግቢው በር ሸኘሁት። "ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ" አለኝና ሄደ።

ፈተናውን ወሰድን። እኔና የዋጃዋ አለፍን። የሮቢቷን ለጥቂት አመለጣት፤ ዓረብ አገር ሄደች፣ እስካሁን እዚያው ናት። በስልክ ስንገናኝ፣ "በሒሳቡ ግን አልወደቅሽም" እላታለሁ፤ "አልሃምዱሊላህ፣ አስተማሪዬ ጯሂ ነበረች" ትለኛለች። ድምፅዋ ሲጠፋ ክፍሉ ይሰፋብኛል።

አባቴም አረፈ። ያን ቀን ቤት ሲገባ የሆነውን እናቴ የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ብቻውን ሲመጣ አይታ፣ "ልጅቱስ?" ብላ ጮኸችበት። "ምን ብዬ ላምጣት?" አላት፤ "ቤት ይዛለች፣ እንግዳ ታበላለች።" ሲመሽ ከቀረበችው ንፍሮ ድርሻውን አንስቶ ለታናናሾቼ አከፋፈለ። እናቴ እንዲቀምስ ብትለምነው ቀና ብሎ ተቀመጠና፣ "አትጨቅጭቂኝ፣ እኔ ልጄ ቤት በልቼ ነው የመጣሁት" አላት።