ሳንመረቅ የወጣንበት ቤት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ወልድያ መናኸሪያ

ሰው ጫጉላውን ሐይቅ ዳር ያሳልፋል። እኔና ባለቤቴ ጌታሁን ግን በተጋባን በሦስተኛው ወር ጦርነቱ ወልድያ ደረሰና ጫጉላችንን በእግራችን ጨረስነው። ያን ነሐሴ ከግራና ከተማ በላይ ባለው ተራራ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አስጠግተውን ነበር። አሁን ወደ ቤታችን ተመልሰን፣ መንገዱም ተከፍቶ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ሁለት ቀን ተራራ ልንወጣ ተነሳን። ለጠየቀን ሁሉ «ለሽርሽር ነው» አልን። ውሸት ባይሆንም ሙሉው እውነት አልነበረም።

ያኔ ፍልሰታን እየጾምን ነበር። ሸህ እንድሪስ ሙስሊም ሆነው የጾማችንን ቀን ከእኛ በላይ ይቆጥሩልን ነበር። በጾሙ መፍቻ ዋዜማ ለክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ለጋሽ ሞላ «ነገ መጥተህ ፍየሏን እረድልኝ፤ እንግዶቼ ሊፈስኩ ነው» ሲሉ ሰማን። በወሎ ደንብ ለክርስቲያን እንግዳ ክርስቲያን ጎረቤት ያርዳል፤ ድስቱም ለብቻው ነው። ጉዱ ፍየሏ ለቤቱ የቀረች አንዲት ከብት መሆኗ ነው! ጭንቅ ቢለን ጎህ ሳይቀድ ሹልክ ብለን ወጣን፤ ሳንሰናበት፣ ሳንመረቅ።

ሽማግሌ ሳይመርቀኝ ከቤቱ የወጣሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ መርፌ በወጋኝ ቁጥር «ይኸው!» እላለሁ። ይቅርታቸውንና ምርቃታቸውን ሳላገኝ ልቤ አያርፍም።

«እስካሁን ረስተውታል» አለኝ ጌታሁን።

«አንተ አስተማሪ ነህ፤ የሚረሳ ተማሪህ ነው» አልኩት።

በቦርሳችን ስኳር፣ ሳሙናና አንድ ነጭ ጀለቢያ ይዘናል። የስፌት መኪናዬ ስለተዘረፈ በጎረቤት መኪና ነው የሰፋሁት፤ ልኩንም የወሰድኩት ከትዝታዬ ነው።

ረፋድ፣ መርሳ

የሚኒባሱ ታሪፍ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኗል። ማንም አልተከራከረም፤ መኪና መገኘቱም ተመስገን ነው። በመንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ዝገው ቆመዋል፤ በአንዱ ላይ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። መርሳ ስንደርስ ግን ብርቱካኑ በየደጁ ተቆልሏል። አራት ልጠን በላንና እጃችን እንደተጣበቀ በባጃጅ ግራና ገባን።

ከግራና በላይ መንገዱ የእግር ብቻ ነው። ታች የታጨደ የማሽላ ማሳ፣ ከዚያ ቁልቋል፣ ከዚያ ድንጋይ በድንጋይ። ነሐሴ ላይ ይህን አቀበት ስንወጣ ወደኋላ እንጂ ወደ ላይ አላየንም ነበር። ለካ እንዲህ ያምራል! ሜዳው እስከ ሐራ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል።

ጌታሁን በየመታጠፊያው «ቆይ፣ ፎቶ ላንሳ» ይላል። ስልኩ ተዘግቶ እንደነበር፣ እሱም ትንፋሽ እየሰበሰበ እንደሆነ ያየሁት ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ከገበያ የምትመለስ አንዲት እናት ጨው ተሸክማ አለፈችንና ዞር ብላ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ተራራው አይሸሽም» አለችን። እሷ ግን በየት በኩል እንደተሰወረች እንኳ አላየንም።

ከሰዓት በኋላ፣ ተራራው ላይ

የሸህ እንድሪስ ባለቤት እማማ ፋጡማ ገና ከሩቅ አይተውን «ያ አላህ! በሕይወት አላችሁ!» ብለው እየሮጡ መጡ፤ አገላብጠው ሳሙን። ሸህ እንድሪስ ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ሰላምታችንን መለሱና ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

«ሸህዬ፣ ይቅርታ ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው» አልኩ።

«እንግዳ ከቤቴ እንደ ሌባ የወጣው በእናንተ ነው» አሉ። «ገመናዬን ማን ንገሩኝ አላችሁ? ድሃ ነው፣ ማብላት አይችልም አላችሁኝ።»

ጌታሁን አንገቱን ደፋ። እኔ፣ አፈኛዋ፣ ቦርሳውን መፍታት ያዝኩ። ጀለቢያውን ሳቀብላቸው ሳይፈቱት ከጎናቸው አኖሩት።

ያን ምሽት የማሽላ እንጀራ ከጎረቤት በመጣ እርጎ በላን፤ መደቡ ላይ ቁርበትና ጋቢ ተነጠፈልን። ምግቡ እንዴት ይጣፍጣል! ምርቃት ግን የለም።

እሑድ ጠዋት

ስነሳ ሸህ እንድሪስ ፍየሏን ደጅ ላይ አስረዋታል። ሁለት ሳምንት ያልሞላቸው ሁለት ግልገሎች ጡቷን ይስባሉ።

«ያን ቀን ለእናንተ ናት ብያለሁ። ለእንግዳ የተባለ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አልነካኋትም» አሉ። «ሞላን ጠርቼዋለሁ፤ ዛሬ ትበሏታላችሁ።»

ጉድ ፈላ! እምቢ ብንል ሁለተኛ ልናዋርዳቸው ነው፤ እሺ ብንል ግልገሎቹ ያለ እናት ሊቀሩ ነው። ጌታሁን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ጋሽ ሞላ ቢላቸውን ይዘው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ሸህዬ፣ ፍየሏ የኛ ናት?» አልኩ።

«የእናንተ ናት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወላሂ!»

«እንግዲያው ለእርስዎ በርቢ ሰጥቼዎታለሁ። እርስዎ ያረቡልኛል፤ የምትወልደውን እኩል እንካፈላለን።»

በአገራችን ከብቱን በርቢ የሰጠና የተቀበለ ዘመድ ማለት ነው፤ በየዓመቱ መተያየት ግድ ነው። ቀስ እያለ የሸህ እንድሪስ ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቃቸው ገደሉን አስተጋባው። «ይች ሴት ነገር ታውቃለች!» አሉ።

«ምን ጉድ ነው? ሁለት ጊዜ ቢላ ስያለሁ፣ ሁለቴም ፍየሏ ተረፈች!» አሉ ጋሽ ሞላ። እማማ ፋጡማ ቅቤ የጠገበ ገንፎ አቀረቡ፤ ለእሱማ ድስት መለየት አላስፈለገም። አምስታችንም አንድ ገበታ ከበብን።

ስንነሳ ሸህ እንድሪስ ጀለቢያውን ለብሰው መጡ። እጅጌው ጣታቸውን ውጦታል፤ በትዝታዬ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሊመርቁን እጃቸውን ዘረጉ።

«የተቆጣሁት ለፍየሏ አይደለም። ሳልመርቃችሁ ወጥታችሁ መንገድ ላይ ሞታችሁ መስሎኝ ነው። እነዚህን ወራት ሁሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ አድርጌ ኖርኩ።»

አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

«የሸሻችሁበትን እግር ለሰርግ ያመላልሰው!» «አሚን!» «ቤታችሁን መልሶ ይሙላው!» «አሚን!» «ፍየሏ ሁለት ወለደች፤ ለእናንተም እንደሷ!» ከሁላችንም በላይ «አሚን!» ብሎ የጮኸው ጌታሁን ነው።

እሑድ ማታ፣ ወልድያ

ቁልቁለቱን እየሳቅን ወረድን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ገባን። በሩ ገና በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ ውስጡ አንድ ፍራሽና ሁለት በርጩማ ብቻ ነው። ጎረቤቴ እትዬ አበሩ ብቅ አሉ። ከጦርነቱ ወዲህ በሰፈራችን ወሬው ሁሉ ስለጠፋ ዕቃ ነው፤ እኔም ስለ ስፌት መኪናዬ ያልነገርኩት ሰው የለም።

«እህሳ፣ ከሽርሽሩ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉኝ።

«ተራራ ላይ አንድ ፍየል አለችን፤ ከነግልገሎቿ» አልኳቸው። «የሚጠብቃት አባትም አለን።»