ተኩል የተባልኩባቸው ዓመታት

ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሙሉ ሰው አልነበርኩም። ይህን የምለው ራሴን ለማሳነስ አይደለም። ራሴን ማሳነስ ልማዴ እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። በጃንሆይ ዘመን፣ በሱሉልታ፣ በእኛ ሰፈር የደቦ ቆጠራ ላይ በአደባባይ ይነገር የነበረ ነገር ስለሆነ ነው።

በጥቅምት ማለቂያ የሜዳው ሣር ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ ያጭዳል፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደቦው አባት ተሰልፎ የቆመውን ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ። ቁጥሩን ስትሰማ የቤቱ እመቤት ምን ያህል ምሳ እንደምታቀርብ ታውቃለች፤ ባለማሳውም የስንት ሰው ጉልበት መመለስ እንዳለበት ያውቃል። ጢም ያላወጣ ወጣት ግን የሚቆጠረው እንደ ግማሽ ነበር። የደቦው አባት እዚያው ተወልደው ያረጁ፣ ቀጥ ያሉ ረጅም ገበሬ ናቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ በማጭዳቸው ጫፍ ይጠቁሙኝና "ዘጠኝ ተኩል" ይላሉ። ተኩሉ እኔ ነኝ።

በዕድሜ ከማንም አላንስም ነበር። አብረውኝ ክርስትና የተነሱት ልጆች ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ከንፈራቸው በላይ ጠቁሮ፣ አንዳንዶቹም አግብተው፣ እኔ በአሥራ ስምንት ዓመቴ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አክል ነበር። ምላጭ ጢም ይጠራል ሲሉኝ ባዶ ፊቴን ስላጭ ከረምኩ። የተጠራው ሽፍታ ብቻ ነው። እናቴ በሕፃንነቴ የታመምኩትን በሽታ ትረግም ነበር።

ነገሩ ለሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። አባቴ ከሰሜን መጥቶ በጎጃም መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እሱ ሲሞት ሱቁም ተዘጋ፤ የቀረን አንድ ማሳ ሣርና ሁለት የሚታለቡ ላሞች ናቸው። ኑሯችን በወተቱ ነው፣ ወተቱ ደግሞ በድርቆሹ። ከቤታችን ለደቦ የሚወጣ ወንድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ግማሽ ጉልበት አበድሬ ግማሽ ጉልበት ይመለስልኛል። ለጎረቤት ሁለት ቀን ሳጭድ ጎረቤት ለእኛ አንድ ቀን ያጭዳል። እንዲህ አጨዳችን ሲጓተት አንድ ዓመት የኅዳር ዝናብ ያልተከመረውን ሣር መሬት ላይ አገኘውና አበሰበሰው። ከሁለቱ ላሞች አንዷ ተሸጠች።

እናቴን እንዲያው በነፃ እንምጣልሽ ያሏት ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ ረጅም፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። "ባሌ ሞተ እንጂ ቤቴ አልሞተም። ምጽዋት መስጠት ያማረው ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድሃ ሞልቶለታል" ብላ መለሰቻቸው። ኩራቷን ወርሻለሁ። ያኔ የሚቆጨኝ ቁመቷን አለመውረሴ ነበር።

በዚያው ዓመት ነው የተከበብኩት። አጫጆች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዱ የየራሱን መስመር ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ በግራና በቀኝ ያሉት ይቀድሙትና ከፊቱ ያለውን ሣር አጭደው ይገናኛሉ። የቀረው ሰው በታጨደ ሜዳ መሀል፣ ቁራጭ ሣር ውስጥ ብቻውን ይቆማል። ተከበበ ይባላል፤ ይዘፈንበታልም። እኔን ከበው የዘጉኝ የደቦው አባት ራሳቸው ነበሩ፤ ግጥሙንም ያወጡት እሳቸው ናቸው፦

"ማጭዱን አየንና ሰው መስሎን ነበረ፣
ለካስ ጥጃ ኖሮ ሣር መሀል የቀረ።"

ሜዳው በሳቅ ታመሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ቤት ስደርስ ግን እናቴ ፊቴን እንዳታይ ላሟ ጎን ሄጄ ቆምኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ሰውነቴ ከእንቅልፉ ነቃ። ከገብሱ ጋር እየተሽቀዳደምኩ አደግሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ሰኔ ላይ ቁርጭምጭሚቴን ይነካ የነበረው ሱሪ መስከረም ላይ ጉልበቴ ሥር ደረሰ። እናቴ ዳቦ በጋገረች ቁጥር ከእኔ የምትቆልፍበት ቁልፍ መፈለግ ጀመረች። በር በገባሁ ቁጥር ግንባሬን እመታለሁ፤ እጄና እግሬን ከሰው የተዋስኳቸው ይመስል ማዘዝ አቃተኝ። ድምፄ አንዴ እንደ አባቴ፣ አንዴ እንደ ፍየል ይሆናል፤ የትኛው እንደሚወጣ አስቀድሞ የማይታወቅ ስለሆነ መንገድ ላይ ሰላምታ መስጠት ተውኩ። ትንሹ ነገር ያስቆጣኛል፣ ትንሹ ነገር ያስከፋኛል። ልቤ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የደቦውን አባት መክበብ።

አጨዳው ሲጀመር ደረቴን ነፍቼ ተሰለፍኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አዎ፣ ቀና ብለው። ከዚያም "አሥር ተኩል" አሉ።

"ኧረ ኦቦ፣ አሁን እኮ ቁመቱ ከእርስዎ በልጧል" አለ አንድ ባለ ጋሪ።

"ቁመትማ ሸምበቆም አለው" አሉና ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ።

ዛሬ ልጆቼ አድገው፣ የልጆቼም ልጆች ድምፃቸው ሲሰበር እያየሁ፣ ያን ጊዜ ያልገባኝ ይገባኛል። ሰውነት ቀድሞ ይደርሳል፤ ልብ ዘግይቶ ይከተላል፤ ሰፈር ግን ከሁሉም የመጨረሻ ነው። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮም በቁጣ አባርረው ነበር።

በሦስተኛው ደቦ፣ በአንድ ጎረቤት ማሳ ላይ፣ ሆን ብዬ ከሽማግሌው በስተቀኝ ቆምኩ። በግራቸው ያ ባለ ጋሪ አለ፤ ክንደ ብርቱ ነው። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ የሽማግሌው ማጭድ መዘግየት ጀመረ። ክረምቱን ታመው እንደነበረ ሁላችንም ሰምተናል፤ እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው የመሀሉን መስመር ይዘዋል። ትንፋሻቸው ፉጨት እያሰማ ነው። ባለ ጋሪው አልፏቸው ሄደ። እኔም ብፈልግ ማለፍ እችላለሁ። ባለ ጋሪው ዞር ብሎ አየኝና ባገጩ ወደ እሳቸው ጠቆመኝ፤ ዝጋቸው ማለቱ ነው። ግጥሙ አፌ ላይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሳዘጋጀው ነው የከረምኩት።

ሽማግሌው ምልክቱን አይተዋል። ጎንበስ ብለው ሣሩን ጨበጡ፤ ግማሹ ከእጃቸው አመለጠ። ማጭዱ አንድ ጊዜ ስቶ ባዶውን ሄደ። እንደገና ጨበጡ።

ያን እጅ ሳይ ደስታዬ ጠፋ። የጓጓሁለት ነገር እፊቴ ተቀምጦ ሳለ አስጠላኝ። ለምን እንደሆነ ቆሜ አላሰብኩም፤ እጄ ቀደመኝ። የራሴን መስመር ሳጭድ በየጭብጡ ከእሳቸው በኩል ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ መጨበጥ ጀመርኩ። የእኔ መስመር ሰፋ፣ የእሳቸው ጠበበ። ወገቤ ነደደ፣ መዳፌ ተላጠ፤ እሳቸው ግን ከእኔ እኩል መሄድ ቻሉ። ባለ ጋሪው እስክዘጋቸው ጠበቀ ጠበቀና ተስፋ ቆርጦ ወደ ፊቱ ዞረ። ማሳው አልቆ ቀና ስንል ማንም አልተከበበም። ያን ቀን ጉልበቴ ለሁለት ሰው እንደሚበቃ አወቅሁ፤ ለማንም ባልናገረውም ማወቄ ብቻ በቃኝ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ በዚያ ቀን እኮራለሁ።

ምሳ ሲቀርብ ወንዶቹ የታጨደው ሣር ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የእኔ ቢጤዎች አጥሩ ሥር ነን። ወደዚያው ስሄድ ሽማግሌው ከጎናቸው ያለውን ሣር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

"ኮቱ፣ አስ ታኢ" አሉኝ በኦሮምኛ፤ ና፣ እዚህ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ተቀመጥኩ። እንጀራውን በአይብና በጎመን ጥቂት ከበላን በኋላ፣ ወደ እኔ ሳያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዘንድሮ በእኔ በኩል ያለው ሣር ስስ ነበር" አሉ።

"ዝናቡ እኩል አልጣለም፣ ኦቦ" አልኳቸው።

በሳል የተቋረጠ ሳቅ ሳቁ። "የእናትህ ሣር መቼ ነው?"

"ሰው ሲገኝ።"

"ሐሙስ ነው" አሉ፣ አሁን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። ማንም አልተቃወመም።

ለእናቴ ስነግራት ደስ አላላትም፤ ጠረጠረች። "ምን ነክቷቸው ነው? ደግሞ አዝነውልን ይሆናል" አለች። በጎረቤቱ ማሳ ላይ ስላደረግሁት ምንም አልነገርኳት። ትንሽ አስባ ቆረጠች፦ "ሲቆጥሩ እሰማለሁ። ተኩል ካሉህ ይህን ሁሉ ሰው ያመጣው ሐዘኔታ ነው ማለት ነው። ምሳቸውን በልተው ይሂዱ፤ አንተም ማጭድህን አስቀምጠህ ትገባለህ። ሣሩን እንደ ምንም ብለን ለብቻችን እናጭደዋለን።" ለብቻችን ብናጭደው ዝናቡ እንደሚቀድመን፣ ያለችን አንዲት ላምም እንደምትሸጥ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እናቴ አንዴ ካለች ግን አለች ነው።

ሐሙስ ጉም ከእንጦጦ ጀርባ ሳይገፈፍ ሰዎቹ መጡ፤ ባለ ጋሪውም አብሯቸው ነበር። ማሳችን ዳር ተሰለፍን፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ። እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ከራሳቸው ጀምረው መቁጠር ያዙ። አሥር አሉ። አሥራ አንድ አሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ማጭዳቸው እንደ ልማዱ ወደ ደረቴ ተነሣ፤ ከዚያ ግን ወደ መሬት ዝቅ አደረጉት።

"አሥራ ሁለት" አሉና ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ጭብጥ ያዙ።

እናቴ ከደጃፍ አልተነቃነቀችም። ተኩሉን እየጠበቀች ነበር። ሳይመጣ ሲቀር፣ በደንብ ሰምታ ሳለ፣ ሜዳው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ "ኦቦ፣ ስንት ነው ያሉት?" ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ "ልጅሽ ይንገርሽ" አሏት።

ሁሉም ማጭዱን ገታ አድርጎ ጠበቀኝ። የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

"አሥራ ሁለት ነን፣ እማዬ" አልኩ፤ ድምፄም እንደ አባቴ ወጣ።